ቀይ ጽጌረዳ ለቤት ግቢ፦ ከሜሪላንድ እስከ ካልጋሪ የትኛው ዝርያ የት ይስማማል?

ጽጌረዳ ሊገዛ ችግኝ መሸጫ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፖቱ ላይ የተንጠለጠለውን ፎቶ ነው። ፎቶው ሁሉ ደማቅ ቀይ ነው፤ ከሥሩም «ብዙ እንክብካቤ የማይፈልግ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ተተክሎ ሲታይ ግን ቨርጂኒያ ላይ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ሲያብብ የሚከርመው ተክል ሚኒያፖሊስ ላይ በአንድ ብርቱ ዊንተር ደርቆ ሊቀር ይችላል። ኤድመንተን ላይ በረዶ ሥር ተኝቶ ከርሞ የሚነሣው ደግሞ ሜሪላንድ ላይ በጁላይ ቅጠሉን አራግፎ እንጨቱ ብቻ ይቆማል። ቀለማቸው ቢመሳሰልም ጠላታቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ «የትኛው አበባ ያምራል?» ከማለት በፊት «እኔ ባለሁበት ቦታ ጽጌረዳን የሚገድለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብም ድካምም ያድናል።

እዚህ የምናነጻጽራቸው በአሜሪካና በካናዳ ገበያ የሚገኙ፣ ያለ ኬሚካል ርጭት ሊያድጉ የሚችሉና በወቅቱ ውስጥ ደጋግመው የሚያብቡ ቁጥቋጦ ጽጌረዳዎችን ነው፦ ኖክ አውት፣ ሆም ረን፣ ሬድ ድሪፍት፣ ሆፕ ፎር ሂዩማኒቲ፣ ሻምፕሌንና ሃንሳ። አበባ ሻጭ ቤት በእቅፍ የሚሸጡት ባለ ረጅም ዘንግ ጽጌረዳዎች እዚህ ውስጥ የሉም። እነሱ የሚፈልጉት እንክብካቤ ሌላ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ቅዳሜን ብቻ ለግቢው ለሚያውል ሰው አንመክራቸውም።

ዞንና እርጥበት

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የዞን ካርታ አንድ ቦታ በዓመት ውስጥ በአማካይ የሚደርስበትን ዝቅተኛ ቅዝቃዜ ያሳያል። ካርታው በ2023 ስለተሻሻለ የቆየ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን ቁጥር ትታችሁ ዚፕ ኮዳችሁን አስገብታችሁ አዲሱን እዩ። ዞን 7 ማለት ብርዱ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል ማለት ነው፤ ዞን 5 ከ23 እስከ 29፣ ዞን 4 ከ29 እስከ 34፣ ዞን 3 ደግሞ ከ34 እስከ 40 ከዜሮ በታች ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ከ7 እስከ 8 ውስጥ ናቸው። አትላንታና ዳላስ 8፣ ዴንቨር ከ5 እስከ 6፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ከ4 እስከ 5 ይሆናሉ። ካናዳ የራሷ ካርታ አላት፤ ስሌቱ ስለሚለይ ቁጥሩ ከአሜሪካው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ካልጋሪ፣ ኤድመንተንና ዊኒፔግ ግን በየትኛውም ስሌት ብርዳቸው ብርቱ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ እርጥበት ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የተባለውን የጽጌረዳ በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ቅጠሉ ላይ ውሃ ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየለት ዘልቆ ይገባል። ቅጠሉ ላይ ጠርዙ የተቦጫጨረ የሚመስል ጥቁር ክብ ይወጣል፤ ዙሪያው ይወይባል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የሰመር ሌሊት ለዚህ ፈንገስ የተመቸ ነው። ዴንቨር ደረቅ በመሆኑ በሽታው ያን ያህል አያስቸግርም፤ እዚያ የሚያስቸግረው ኖራ የበዛበት አፈር ነው። ካልጋሪና ኤድመንተንም ከምሥራቁ ጠረፍ ይልቅ ደረቅ ናቸው፤ እዚያ ሁሉን የሚወስነው ብርዱ ነው።

ኖክ አውት ወይስ ሆም ረን?

ከዞን 5 ጀምሮ ወደ ሞቃቱ አቅጣጫ ላላችሁ ሰዎች ዋናው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ኖክ አውትን ያዳቀለው የዊስኮንሲኑ ዊሊያም ራድለር ሲሆን ገበያ ላይ የወጣው በ2000 ነው። ራድለር በጥቁር ነጠብጣብ የተያዙ ቅጠሎችን ሰብስቦ፣ አድርቆና ፈጭቶ ችግኞቹ ላይ እየነሰነሰ ከዚያ የሚተርፉትን ይመርጥ ነበር። ተክሉ በሽታውን የሚቋቋመው ለዚህ ነው። በርጭት ብዛት ሳይሆን በዘሩ ነው የቆመው።

የኖክ አውት ጥሩ ጎን ፍጥነቱ ነው። ባለ ሦስት ጋሎን ፖት በኤፕሪል ከተተከለ በዚያው ሰመር ያብባል፣ በሁለተኛው ዓመት ሙሉ ቁጥቋጦ ይሆናል። ካርዱ ላይ ከ3 እስከ 4 ጫማ ይላል፤ ሳይገረዝ ከተተወ ግን 5 ጫማን ያልፋል። መስኮት ሥር ለምትተክሉ ይህን ልዩነት ከአሁኑ አስቡበት። የረገፈ አበባ መልቀም የግድ አይደለም። ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዙር ራሱ እያደሰ ውርጭ እስኪመጣ ያብባል።

ድክመቱ ቀለሙ ላይ ነው። ቀይ ተብሎ ይሸጥ እንጂ የመጀመሪያው፣ ነጠላ አበባ ያለው ኖክ አውት ቼሪ ቀይ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ወደ ደማቅ ሮዝ ያደላል። ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ሮዝነቱ ይብሳል። ባለ ድርብ አበባው ዓይነት፣ ደብል ኖክ አውት የሚባለው፣ ቀላ ይላል፤ አበባውም ትንሽ የእቅፍ ጽጌረዳ ይመስላል። ከሁለቱ አንዱን ለመግዛት ከወሰናችሁ ድርቡን ውሰዱ።

ሆም ረን የኖክ አውት ልጅ ነው። በካሊፎርኒያው ዊክስ ሮዝስ ቶም ካሩዝ አዳቅሎት በ2006 ወጣ። አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ያለው ነጠላ አበባ ነው፤ ቀለሙ ግን እውነተኛ እሳት ቀይ ነው፣ በሙቀትም ወደ ሮዝ አይሸሽም። ቁመቱ 3 ጫማ አካባቢ ላይ ስለሚቆም ቁጥቋጦው ሰብሰብ ያለ ነው። ከወላጁ የሚበልጥበት ሌላ ነገር ነጭ ዱቄት የሚመስለውን ሻጋታ መቋቋሙ ነው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት ቦታ ይህ ሻጋታ እንቡጡን ሳይከፈት ያጨማድደዋል። የሆም ረን ችግር ማግኘቱ ላይ ነው። የትልልቆቹ መደብሮች በር ላይ በኤፕሪል የሚደረደረው ኖክ አውት ነው፤ ሆም ረንን በአብዛኛው ጽጌረዳ ላይ የሚያተኩር ችግኝ መሸጫ ውስጥ መፈለግ ወይም አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው። ከበር አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ተክል፣ በቅርብ የሚታይ፣ ጥርት ያለ ቀይ የምትፈልጉ ሆም ረንን ፈልጋችሁ ግዙ። አጥር ለማድረግ በአንድ ጊዜ ብዙ የምትተክሉና ቶሎ እንዲሞላ የምትፈልጉ ደብል ኖክ አውት ይሻላችኋል። ሁለቱም ሽታ የላቸውም ማለት ይቻላል። ሁለቱም ሮዝ ሮዜት የተባለውን የቫይረስ በሽታ አይቋቋሙም፤ አንድ ዓይነት ተክል ተጠጋግቶ በረድፍ ሲተከል ደግሞ በሽታው ካንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ይሻገራል። አጥር ከሆነ በየሦስት ተክሉ መካከል ጽጌረዳ ያልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ላቬንደር ወይም የጌጥ ሣር፣ ጣልቃ አስገቡ።

ብርዱ ለሚበረታባቸው፦ ሆፕ ፎር ሂዩማኒቲና ሻምፕሌን

የካናዳ መንግሥት በግብርና ምርምር ጣቢያዎቹ ለብርድ የሚሆኑ ጽጌረዳዎችን ለዓመታት አዳቅሏል። በኦታዋ ፌሊሲታስ ስቬይዳ የመሩት ሥራ ኤክስፕሎረር የተባሉትን አፈራ፤ ስማቸውም ከአሳሾች የተወሰደ ነው። በማኒቶባ ሞርደን የተደረገው ደግሞ ፓርክላንድ የተባሉትን ሰጠ። በ1982 የወጣው ሻምፕሌን ከኦታዋዎቹ ነው። ሆፕ ፎር ሂዩማኒቲ ከሞርደን ሲሆን በ1995 ወጥቶ ለካናዳ ቀይ መስቀል መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ስሙ ተሰጠው።

ሆፕ ፎር ሂዩማኒቲ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀለሙ ደም ቀይ ለመባል የሚበቃው ነው። እንቡጡ ጥቁር ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ሲከፈት ይደምቃል፣ አበባው ድርብ ነው። ቁመቱ 2 እስከ 3 ጫማ ብቻ ስለሆነ ከበስተኋላ አትትከሉት፤ ይሸፈናል። ዞን 3ን ይችላል ሲባል ግን ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ከበረዶው በላይ የቀረው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ የሚተርፈው በረዶ የሸፈነው ክፍልና ሥሩ ነው። በሜይ ከታች አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣና በዚያው ዓመት ባወጣው ላይ ያብባል። ስለዚህ በኤፕሪል ደርቆ ስታዩት ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት፤ እስከ ጁን አጋማሽ ታገሡ።

ሻምፕሌን ከፍ ይላል፣ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ ከጁን እስከ ውርጭ ድረስ አበባው አይቋረጥም፤ ቀዩም ከፋይ የተሠራ ይመስላል። ከኤክስፕሎረሮቹ መካከል ግን ብርድ ከሚፈሩት ወገን ነው፣ በሽታ በኩልም ለጥቁር ነጠብጣብ ይጋለጣል። ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ሆናችሁ ከሁለቱ አንዱን የምትመርጡ ከሆነ ሆፕ ፎር ሂዩማኒቲን ያዙ። ሚኒያፖሊስ ሆናችሁ ፀሐይና ነፋስ በደንብ የሚያገኝ ቦታ ካላችሁ ሻምፕሌን በአበባው ብዛት ይክሳችኋል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ሁለቱንም አንመክርም። ብርድ የመቋቋም ችሎታቸው እዚያ ምንም አይጨምርላችሁም፣ በጁላይ ደግሞ ቅጠላቸው ይራገፋል።

ሚኒሶታ ውስጥ ኖክ አውት ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ይሆናል፤ ግን ሥራ አለው። መሬቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ከኦክቶበር መጨረሻ ወዲህ፣ ግንዱ ዙሪያ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍታ አፈር ይከመርበታል። አፈሩን ከሌላ ቦታ አምጡ፤ ከራሱ ሥር ከቆፈራችሁት ሥሩን ለብርድ ታጋልጡታላችሁ። ክምሩ ሲጠጥር የደረቀ ቅጠል ወይም ገለባ ከላይ ይጨመራል። ይህን ከኦክቶበር በፊት መሥራት ጉዳት አለው፤ ተክሉ ገና ሳያንቀላፋ ይታፈንና ግንዱ ይሻግታል። በየዓመቱ ይህን ማድረግ የማትፈልጉ ከሆነ ከካናዳዎቹ አንዱን ትከሉ።

ሬድ ድሪፍትና ሃንሳ

ሬድ ድሪፍት የፈረንሳዩ ሜይላንድ ያዳቀለው መሬት ለመሬት የሚዘረጋ ዓይነት ነው፤ ከፍታው 45 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 75 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። አበባው ትንንሽ፣ ብዛቱ ግን እጅግ ነው። ለመንገድ ዳር፣ ለተዳፋት፣ ለደረጃ አጠገብ የሚስማማ ሌላ ቀይ ጽጌረዳ ይህን ያህል በቀላሉ አይገኝም። ከመትከላችሁ በፊት ግን አረሙን ከነሥሩ አጽዱ፤ እሾሃማ ተክል መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ሥሩ ገብቶ አረም መንቀል መከራ ነው። አፓርታማ የምትኖሩና በረንዳ ብቻ ያላችሁ ደግሞ ፔቲት ኖክ አውት የተባለውን፣ እሱም 45 ሴንቲሜትር አካባቢ የሚሆነውን፣ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ፖት ውስጥ መትከል ትችላላችሁ። ፖት ውስጥ ያለ ሥር ከመሬቱ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ተክሉ ከዞናችሁ በሁለት ዞን የሚበልጥ ብርድ የሚችል እንዲሆን አስሉ፤ ካልሆነ ፖቱን ለዊንተር ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ አስገቡት።

ሃንሳ የተለየ ነው። ሽታ የምትፈልጉ ከሆነ ከእነዚህ ሁሉ ጎላ ያለ ሽታ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፣ ጠረኑም ከርቀት ይመጣል። በ1905 ሆላንድ ውስጥ የወጣ አሮጌ ዝርያ ነው፤ ዞን 3ን ያለ ምንም ሽፋን ይችላል፤ ከበረዶ በላይ ያለው ቅርንጫፉም ሳይሞት ይከርማል። ቀዩ ግን ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ነው፤ ንጹሕ ቀይ የጠበቀ ሰው ያዝናል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል፣ ከሥሩ እየተባዛ ስለሚሰፋ ጠባብ ግቢ ውስጥ አይገባም። ያገራችንን ቀጋ የሚያውቅ ሰው የሃንሳን ጥቅጥቅ እሾህና ቀይ ፍሬ ሲያይ ዝምድናቸውን ወዲያው ይለያል፤ የቀጋ አበባ ግን ነጭ ነው። ሁለት ነገር ይጠንቀቁለት። አንደኛ፣ የፈንገስ መድኃኒት አይረጭበትም፤ ሸካራው ቅጠሉ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ዴንቨር አካባቢ ባለው ኖራማ አፈር ብረት መሳብ ያቅተውና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት የደም ሥር የሚመስሉ መስመሮች ብቻ አረንጓዴ ይቀራሉ። ስለዚህ ኤድመንተን አዎ፣ ዴንቨር አይ።

ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ሆላንድ ያላችሁ አንባቢዎች እነዚህን ስሞች ፍለጋ ከምትደክሙ ካርዱ ላይ ኤ ዲ አር የሚል ምልክት ያለውን ቀይ ቁጥቋጦ ጽጌረዳ ፈልጉ። ጀርመኖች ይህን ምልክት የሚሰጡት አዳዲስ ጽጌረዳዎችን በተለያዩ አካባቢዎች ለዓመታት ካለ ኬሚካል ርጭት ከፈተኑ በኋላ ነው። ከማንኛውም የሻጭ ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ይታመናል።

በራሱ ሥር የቆመ ወይስ የተቀጠለ?

ዝርያውን ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ሳይጠየቅ የማይታለፍ ነገር አለ፦ ተክሉ በራሱ ሥር የቆመ ነው ወይስ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠለ? የተቀጠለ ከሆነ ከግንዱ ግርጌ፣ ሥሩና ቅርንጫፉ በሚገናኙበት ላይ፣ እንደ እጢ ያበጠ ቋጠሮ ይታያል። ብርዱ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ከገደለው የሚነሣው ከታች ያለው የማታውቁት ጽጌረዳ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለመቀጠያ በብዛት ያገለገለው ዶክተር ሂዩይ የሚባል ዝርያ ነው፤ ጆርጅ ቶማስ በፔንሲልቬኒያ በ1914 ያዳቀለው ነው። አበባው ጥቁር ቀይ መሆኑ ሰውን ያታልላል። ቢጫ ጽጌረዳ የተከለ ሰው በአንድ ስፕሪንግ ቀይ ሲያብብበት «ቀለሙን ቀየረ» ይላል። ቀይ የተከለ ሰው ደግሞ ለውጡን ጭራሽ ላያስተውለው ይችላል፤ የሚያስተውለው ተክሉ በሜይና በጁን አንዴ አብቦ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ዝም ሲል፣ ቅርንጫፉም እንደ ጅራፍ ረዝሞ ሲታጠፍ ነው። ከቋጠሮው በታች የሚወጣ ቡቃያ ካያችሁ በመቀስ አትቁረጡት፤ ግርጌው ላይ የቀረው የቡቃያ ዓይን እንደገና ያወጣል። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከተነሣበት ቦታ ወደ ታች ሳቡና ገንጥሉት። ኖክ አውትና ድሪፍት በአብዛኛው የሚሸጡት በራሳቸው ሥር ነው። የካናዳዎቹንና ሃንሳን ስትገዙ ግን ሻጩን ጠይቁ፤ ዞን 4 ወይም 3 ውስጥ ካላችሁ የተቀጠለ አትግዙ።

አተካከል

ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያስፈልጋል፤ የጧት ፀሐይ ጤዛውን ቶሎ ስለሚያደርቅ ከከሰዓቱ ይሻላል። የዲሲ አካባቢ ቀይ ሸክላ አፈር ውሃ ስለሚያቁር መጀመሪያ ፈትሹት። 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አንዴ ሞልታችሁ እንዲሰርግ አድርጉ፣ ሁለተኛ ሙሉና ሰዓት ያዙ። በሰዓት 2.5 ሴንቲሜትር ያህል የማይወርድ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ከፍ ያለ መደብ አበጁ እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አትትከሉ።

በጣም የተለመደው ስሕተት ሸክላው ውስጥ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሮ ውስጡን በንጹሕ ኮምፖስት መሙላት ነው። ዙሪያው የማያስወጣ ስለሆነ ጉድጓዱ እንደ ባልዲ ውሃ ይይዛል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። በዚህ ፈንታ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት መደቡ ላይ በሙሉ አልብሳችሁ እስከ 25 ሴንቲሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ገልብጡ። ጉድጓዱ ስፋቱ የፖቱ እጥፍ ይሁን፣ ጥልቀቱ ግን ከፖቱ አይብለጥ። ዞን 3 እና 4 ውስጥ ብቻ 5 ሴንቲሜትር ጠለቅ ይላል። ሥሩ ፖቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ከተጠመጠመ በጣት ፈታ አድርጉት ወይም ጎኑን በቢላ በሦስት ቦታ ጫር አድርጉት። በተክልና በተክል መካከል ለኖክ አውት ከ3 እስከ 4 ጫማ ተዉ። ሲተከል ባዶ የሚመስለው ቦታ በሁለት ዓመት ይሞላል፤ ነፋስ ካላለፈበት ግን የበሽታ መጋበዣ ነው።

አፈሩን የሚሸፍነው ጉዝጓዝ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ግንዱን ግን አይንካ። በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት 2.5 ሴንቲሜትር ዝናብ የሚያህል ውሃ ያስፈልጋል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። ይህን በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ከሥሩ አጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከላይ መርጨት ቅጠሉን ያረጥባል፣ ሥሩን ደግሞ ወደ ላይ ያስቀረዋል። የሣር ማጠጫችሁ ማታ ማታ ጽጌረዳው ላይ የሚደርስ ከሆነ አቅጣጫውን አዙሩት፤ ኖክ አውት እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ከረጠበ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። በተተከለበት ቀን ማዳበሪያ አይደረግም። ከመጀመሪያው አበባ በኋላ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ ፓኬቱ በሚለው ልክ ስጡ፤ የመጀመሪያው ውርጭ ከመድረሱ ስድስትና ስምንት ሳምንት ሲቀር አቁሙ። ካልጋሪ ላይ ይህ ጁላይ ነው፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ኦገስት መጀመሪያ፣ ዲሲ ላይ የኦገስት መጨረሻ።

መግረዝ፣ ለእንቁጣጣሽም

ዋናው ገረዛ በዓመት አንዴ ነው። ዲሲ አካባቢ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ፣ ሚኒያፖሊስ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ካልጋሪ በሜይ ይደረጋል። ቀኑን ለማስታወስ የሚያስቸግር ከሆነ ፎርሲቲያ የምትባለው ቢጫ አበባ ስትፈነዳ መቀሱን አንሡ። ኖክ አውትንና ሆም ረንን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ድረስ አውርዷቸው። ብዙ ሰው ይሳሳላቸዋል፤ ግን በሰመሩ ሦስት እጥፍ ያድጋሉ። የካናዳዎቹን የሚገርዘው ብርዱ ራሱ ነው። የእናንተ ሥራ የሞተውን ማንሣት ነው፤ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ነጭ ወይም አረንጓዴ እስክታገኙ ወደ ታች ውረዱ። ሃንሳ በየዓመቱ አይገረዝም፤ ያረጁትን ሁለት ሦስት ግንዶች ከመሬት ማንሣት ይበቃዋል።

ደጋግመው የሚያብቡት ከተቆረጡ በኋላ አዲስ አበባ ለማውጣት ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ሴፕቴምበር 11 ላይ ግቢው ቀይ ሆኖ እንዲያድር የምትፈልጉ ከጁላይ 28 እስከ 31 ባለው ጊዜ ያበቡትን ቅርንጫፎች በሙሉ ጫፍ ጫፋቸውን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቁረጡ፣ በዚያ ሳምንትም ውሃ አታጓድሉባቸው። ይህ ለዲሲ፣ ለአትላንታና ለዴንቨር ይሠራል። ካልጋሪ ላይ ግን ውርጩ በሴፕቴምበር ሊመጣ ስለሚችል በዚያ ወቅት አትቁረጡ፤ የሚወጣው ለጋ ቡቃያ ሳይጠነክር ይመታል።

ምን ምን ይበላሻል?

በሜይ ቅጠሉ ወንፊት መስሎ፣ የላይኛው ስስ ቆዳ ብቻ ቀርቶ ካያችሁት የሮዝ ስለግ ሥራ ነው። ከቅጠሉ በታች ያለች ትንሽ አረንጓዴ ትል ናት። አባጨጓሬ ብትመስልም አይደለችም፤ ስለዚህ ለአባጨጓሬ የሚሸጠው ቢቲ የተባለው መድኃኒት አይነካትም። ቅጠሉን ገልብጦ በውሃ ማጠብ ወይም የተባይ ሳሙና በቀጥታ እላይዋ ላይ መርጨት ይበቃል። ክሽክሽም እንዲሁ በኃይለኛ ውሃ ይረግፋል። ክሽክሽ በየሳምንቱ የሚመለስባችሁ ከሆነ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ እየሰጣችሁ እንደሆነ መርምሩ።

ከጁን መጨረሻ ጀምሮ የሚመጣው የጃፓን ጥንዚዛ ነው፤ ጀርባው መዳብ፣ አንገቱ አረንጓዴ ብረት የሚመስል። በጧት፣ ገና ሳይሞቀው፣ ሳሙና ያለበት የውሃ ባልዲ ከሥሩ ይዛችሁ ቅርንጫፉን ስትነቀንቁት ይወድቃል። ቢጫ ከረጢት ያለውን ወጥመድ አትስቀሉ፤ የጎረቤትን ጥንዚዛ ሁሉ ጠርቶ እናንተ ግቢ ያመጣል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ አጋዘን እሾህ ሳይፈራ እንቡጡን ይለቅማል። የሚረጭ ማባረሪያ ከዝናብ በኋላ ሁሉ መደገም አለበት፤ አጥር ከሌላችሁ ጽጌረዳውን ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ማድረግ ይሻላል። ሚኒሶታ ላይ በዊንተር ግንድ የሚግጠው ጥንቸል ነው፤ 60 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው የሽቦ ወንፊት ዙሪያውን ከተደረገ አይደርስበትም።

ከሁሉ የሚከፋው ሮዝ ሮዜት ነው። ቫይረሱን ከተክል ተክል የምታመላልሰው በዓይን የማትታይ፣ ነፋስ የሚያጓጉዛት ማይት ናት። መጠለያው ሙልቲፍሎራ የተባለው፣ በየጫካው ዳርና በየመንገዱ አጠገብ የሚገኘው ባለ ነጭ አበባ የዱር ጽጌረዳ ነው። አዲስ የሚወጣ የጽጌረዳ ቡቃያ ብዙ ጊዜ ቀላ ስለሚል ቀይነት ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። መለያው እሾሁ ነው። ጤነኛው ቅርንጫፍ ላይ እሾህ ተራርቆ ሲበቅል የታመመው ላይ ለስላሳና እጅብ ያለ ሆኖ ዘንጉን ይሸፍነዋል። ቅርንጫፉ ከተነሣበት ግንድ ይልቅ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ እንደ መጥረጊያ የተሰበሰበ፣ ቅጠሉ የተኮራመተ እጅብ ያለ ቡቃያ ይወጣል፤ ሰመሩ ቢገፋም ቀይነቱ አይለቀውም።

መድኃኒት የለውም። የታመመውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጦ ለማዳን መሞከር ብዙውን ጊዜ ሌሎቹን ማስያዝ ነው። ተክሉን በላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ቁረጡት፣ ግንዱን ከነሥሩ ንቀሉት፣ ከረጢቱን አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፤ ኮምፖስት ላይ አይገባም። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። ቫይረሱ ሕይወት ባለው የጽጌረዳ ሥር ውስጥ እንጂ በባዶ አፈር ውስጥ አይኖርም፤ ስለዚህ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ጽጌረዳ መትከል ይቻላል። የቀረ ሥር ቡቃያ እንዳያወጣ ግን አንድ ሙሉ የዕድገት ወቅት ጠብቁ፣ የወጣውንም ወዲያው ንቀሉ፤ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሙልቲፍሎራ ካለም አስቀድማችሁ እሱን አስወግዱ።